በበጋ የዘነበው የቡሌ ዝናብ

ፊዚክስን ወድጄ አልገባሁበትም። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጹ ላይ አራተኛ አድርጌ የጻፍኩት ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነበር፤ እሱው ደረሰኝ። ምደባውም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። አብረውኝ የተማሩት ሻንጣቸውን ይዘው ጎንደርና ጅማ ሲሄዱ እኔ ተወልጄ ያደግኩባት ዲላ ላይ ቀረሁ። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ የፕላስቲክና የቆርቆሮ ዕቃ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁ በር እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሩቅ አገር ተምሬ የመመለስ ሕልሜ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ቀረ። እናቴ ግን «ተመስገን፣ ምሳሽን እየመጣሽ ትበያለሽ» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሁለት ዓመት አኩርፌ ተማርኩ። ሦስተኛ ዓመት ስንገባ ሩቁ አገር ራሱ መጣልኝ፤ አንዲት ህንዳዊት የፊዚክስ ሊቅ ሊያስተምሩን መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አጭር ናቸው፤ ነጭ ጸጉራቸውን አንድ ጎንጉን አድርገው ወደ ኋላ ይለቁታል፤ ሳሪያቸው ላይ የወንድ ሹራብ ይደርባሉ፤ ከታች የሩጫ ጫማ ነው። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። ስማቸው ለምላሳችን ስለረዘመ ሁላችንም «ዶክተር» ነበር የምንላቸው። ግቢው ዶክተር የሞላበት ቢሆንም «ዶክተር መጡ» ከተባለ ማን እንደመጣ የማይገባው ተማሪ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ክፍለ ጊዜ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ደመና እንዴት እንደሚፈጠር በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ቆዩና «ገባችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኛም እንደ ወጋችን ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግን። ለእኛ ይህ «አዎ» ማለት ነው፤ አፍ መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ዶክተር ግን ደነገጡ። ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ቀረብ ብለው አዩዋት፤ ሄደው መስኮቶቹን በሙሉ ከፈቱ። ተመልሰው «አሁንስ?» አሉ። ሠላሳ ሰው በአንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። «አስም ያለበት እጁን ያውጣ» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከወር በኋላ ሱቃችን ለባልዲ መጥተው አባቴ «ትልቁን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ራሳቸው ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው መለሱለት። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «የኛ ሰው ናቸው» ይላቸው ነበር።

የሕይወት ታሪካቸውን ተቀምጠው አልተረኩልንም። እኔ የሰበሰብኩት ቁርጥራጩን ነው፤ ትንሹን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ትንሹን መንገድ ላይ፣ ብዙውን ደግሞ ቤታቸው ዝንጅብል የበዛበት ሻይ በወተት እያፈሉልኝ። የተወለዱት በደቡብ ህንድ፣ ቡና በሚበቅልበት ተራራ ላይ ነው። አባታቸው የአንድ ትልቅ የቡና እርሻ ጸሐፊ ነበሩ፤ ከሥራቸው አንዱ በየማለዳው የዝናብ መለኪያውን አይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። አንድ ጊዜ አባትየው በወባ ተኙና የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ሄዳ ለካች። አባት ዳኑ፤ ልጅ ግን መዝገቡን አልመልስም አለች። «ያኔ የያዝኩትን መዝገብ እስካሁን አልለቀቅኩትም» ይሉ ነበር።

ኮሌጅ ሲገቡ በፊዚክስ ክፍላቸው ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ይህን ሲነግሩኝ እኔ በሰው አገር ወንዶች ተናድጄ ጥርሴን ስነክስ እሳቸው «ጥሩ ነበር እኮ፤ ደብተሬን እንደልቤ እዘረጋ ነበር» ብለው ሳቁ። ለምርምር የመረጡት የዝናብ ጠብታን ነው። አንዲት ጠብታ ምን ያህል ታክላለች? ሁሉም ጠብታ እኩል ነው? ይህን ለማወቅ በዝናብ መሃል በዱቄት የተሞላ ትሪ ይዘው ይወጣሉ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይሸፍኑታል። እያንዳንዷ ጠብታ የወደቀችበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ የሊጥ ኳስ ትሠራለች። ኳሶቹ ይደርቃሉ፣ ይነፋሉ፣ ይመዘናሉ። ተራራ ላይ አንዲት ጎጆ ውስጥ ዘጠኝ ክረምት እንዲህ እያሉ ኖሩ። ባልደረቦቻቸው «ዳቦ ቤት ከፈተች» ብለው ሲያሾፉ እሳቸው ጠብታ የምትሸከመውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ከቁርጥራጭ ብረት ሠሩ። በመጨረሻ ያንን ሁሉ ያሾፈ ሰው የሚያስተዳድር ትልቅ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኑ፤ ቦታው ላይ ሴት ስትቀመጥ እሳቸው የመጀመሪያዋ ነበሩ።

የዱቄቱን ነገር እኛም ጋ አሳዩን። ግቢው መሃል ዝናብ ውስጥ ትሪ ይዘው ሲቆሙ አንዱ የክፍላችን ቀልደኛ «ዶክተር፣ በሽሮ ቢሆንስ?» አላቸው። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሽሮ ገዝተው ሞክረው መጡ። «ይሠራል፤ ቅመሙ ግን ሚዛኑን ያዛባል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። ፊዚክስን የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ቀን ላጲስና ፍሉድ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ አዘዙና ሰብስበው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቆለፉበት። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ከጎኑ ለምን እንደተሰረዘ ይጻፋል፤ ከመስመሩ ሥር ግን መነበብ አለበት። ምክንያቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። ሃያ ሦስት ዓመታቸው ሳለ የጠብታዎቹ ኤሌክትሪክ በዝናቡ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኙት። ፕሮፌሰራቸው ሳቁና «መሣሪያሽ ታሟል፤ ቁጥሩን አጥፊው» አሏቸው። አጠፉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ነገር ሌላ ሰው በሌላ አገር አገኘው፤ ተመሰገነበት። «ማንም አልሰረቀኝም፤ ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ሻዩን እያማሰሉ ነበር፤ ስኳሩ ግን ድሮ ሟሙቶ አልቋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ አማካሪዬ ሆኑ። ርዕሱን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ከዲላ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዝናቡ እንዴት ይለዋወጣል የሚል ነበር። ለአባቴ ሱቅ ዕቃ የሚያመጣው ቆርቆሮ ሠሪ ሦስት መለኪያ ሠራልን፤ ከላይ አፉ እንደ ሳፋ የሰፋ፣ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ትንሽ ጀሪካን ውስጥ የሚገባ። የሳምንቱ ዝናብ ጀሪካኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እኔ እየሄድኩ በብርጭቆ መለኪያ እለካለሁ። አንዱን ዲላ እሳቸው ቤት ግቢ ተከልነው። ሁለተኛውን በገደብ በኩል ሄደን ወርቃ በሚባል ቦታ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ አቆምነው፤ ዘበኛው ሌባ ፈርቶ በሽቦ ከግንድ ጋር አሰረው። ሦስተኛው ደጋ ላይ ወዳለችው ቡሌ ወጣ። ቡሌ የክፍል ጓደኛዬ አክስት አሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እንሰታቸውንና አንዲት ላማቸውን ይዘው የሚያድሩ እናት ናቸው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ግቢያቸው ዛፍ ያልጋረደው ሜዳ ስለነበረ ዶክተር ገና ሲያዩት ወደዱት። መለኪያውን ራሳቸው አስተካክለው ተከሉና የእማማን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው ያንን መንገድ አልቻለውም፤ ቡሌ የኔ ዕዳ ሆነ።

ስለ ቡሌ መንገድ ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ አፌ ይበላሻል። ዲላ ላይ በስስ ሸሚዝ የወጣ ሰው ቡሌ ሲደርስ ጋቢ ይለምናል። መኪና እስከቻለ በመኪና፣ ከዚያ በሞተር፣ ጭቃ ሲሆን ሞተሩን እየገፉ ነው። በየቅዳሜው ጫማዬን እያጠብኩ የፈረንጅ አገር ተመራማሪዎችን ሁሉ ስረግም ነበር። እማማ ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ በር ላይ ይቆማሉ። ቋንቋቸው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛውን በጆሮ ነው የለቀሙት፤ ሴት ወንዱን እያቀላቀሉ ሲናገሩት ደስ ይለኛል። «ልጄ መጣህ? ግባ፣ በርዶሃል» ይሉኛል። ትኩስ ቆጮ ከጎመን ጋር ያቀርባሉ፤ እምቢ ማለት አይታሰብም። እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እበላለሁ፣ እወርዳለሁ።

ዝናቡ እያለ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። በጋው ሲገባ ዲላ ዜሮ፣ ወርቃ ዜሮ፣ ቡሌም የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ዜሮ ሆነ። ያን ቀን ሞተሩ ሁለቴ ጥሎኝ ስለነበር ባዶውን ጀሪካን ሳይ አልቻልኩም። «ለዚች ለባዶ ጀሪካን ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?» ብዬ ጮክ ብዬ አማረርኩ። እማማ አጠገቤ ቆመው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡሌ ላይ አንድ ጣሳ የሚሆን ውሃ አገኘሁ። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም እንደዚያው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ደረቅ ናቸው። ቁጥሮቹን ለዶክተር ስሰጣቸው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና ተነስተው ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ። እሳቸው በተወለዱበት ተራራ በበጋ ጭጋግ እየመጣ ዛፉን ሁሉ ያረጥበዋል፤ ዝናብ ሳይዘንብ ከቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። ዕድሜ ልካቸውን ይህን በቁጥር መያዝ ይፈልጉ ነበር። አሁን ቡሌ ላይ ጭጋጉ ዛፍ እንኳ በሌለበት፣ ደረቅ ቆርቆሮ ላይ ውሃ እየሰጠ ነው። «ይህ በየትኛውም መጽሐፍ የለም» አሉኝ። ሲደሰቱ አንገታቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል፤ ያን ሰሞን አንገታቸው አላረፈም።

ግን ደግሞ ሊቅ ናቸውና ጠየቁኝ። «መለኪያውን የሚነካው ሰው አለ?»

«ማንም አይነካውም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዶክተር፣ አሮጊት ሴት ብቻ ናቸው ያሉት። ማን ይነካዋል?»

አመኑኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ አልጠረጠርኩም፣ የሚመነጠሩት ግን እሳቸው ነበሩ። ውሃው በየሳምንቱ እኩል መሆኑ እንኳ አላስደነገጠኝም። ዝናብ እንደ ደሞዝተኛ ቀን ቆጥሮ፣ ልክ ጠብቆ አይመጣም፤ ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም ነበር።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ዶክተር ጽሑፉን ጨረሱ። ሰኞ ጠዋት ለአንድ የታወቀ መጽሔት ሊልኩት፣ ከዚያም አገራቸው ሄደው ድሮ «ዳቦ ቤት» ይሏቸው በነበሩት አዛውንት ባልደረቦቻቸው ፊት ቆመው ሊያነቡት ነው። «የመጨረሻ ጽሑፌ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይበልጣል» አሉኝ። ስሜ ከስማቸው ቀጥሎ ተጽፏል። ይህን ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ደግሞ ለዲላ ነገረች። ሱቃችን ባልዲ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ የልጅቷ ስም ውጭ አገር ሊታተም መሆኑን ሳይሰማ አይወጣም ነበር።

ዓርብ ዕለት አንድ አይሱዙ ጎመን ሊጭን ወደ ቡሌ ሲወጣ አገኘሁ። ጋቢና ቦታ አለ፤ በዚያ ላይ ነጻ። ቅዳሜን በሞተር ከምንገላታ ብዬ ዘልዬ ገባሁ። እማማ ግቢ ስደርስ በር ላይ አልነበሩም። በጓሮ ዞርኩ። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መለኪያው አጠገብ ቆመዋል፤ በጣሳ ውሃ ወደ ቆርቆሮው አፍ ቀስ አድርገው እያንቆረቆሩ ነው። ጠብታ እንዳይፈስባቸው ሌላኛውን እጃቸውን ከሥር ይዘዋል።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

ዞር አሉ። አልደነገጡም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ። «ልጄ! ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ? እኔ ነገ ነው ብዬ…»

«ውሃ ለምን ይጨምራሉ?»

ጥያቄው ራሱ ያስገረማቸው መሰለ። «የሰው ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ነውር ነው። ዝናብ ሲኖር ራሱ ይሞላል። ዝናብ ሲጠፋ… አንተ ከሩቅ ይመጣል፣ ባዶ ሲሆን ያዝናል። አይቻለሁ።»

እኔም ነጋዴ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። ጎረቤት በሳህን ምግብ ሲልክልን እናቴ ሳህኑን ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ ሌላ ቢጠፋ አንድ ጭብጥ ስኳር ታደርግበታለች። እማማ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የዶክተርን ዕቃ በአደራ ተቀበሉ፤ ባዶውን አልመልስም አሉ። ይህ ሁሉ ዛሬ ነው የሚታየኝ። ያን ቀን የታየኝ ሰባት የውሸት ቁጥርና ሰኞ ጠዋት ብቻ ነበር።

ተቆጣሁ። እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ሥራችንን አበላሹት እኮ! ዶክተርን አዋረዱብኝ!» አልኳቸው፤ ከተናገርኩት ግማሹ እንኳ የገባቸው አይመስለኝም። እማማ ጣሳውን ደረታቸው ላይ ይዘው «ይቅር በለኝ ልጄ፣ አላወቅሁም» አሉ። ቆጮ ልስጥህ አሉኝ። ሳልበላ ወጣሁ።

ጎመን በሞላበት መኪና ስወርድ ጭንቅላቴ ውስጥ ያልተነሳ ሰበብ አልነበረም። ደግሞስ ማን ያውቃል? እማማ ለማንም አይናገሩም፤ ዶክተር ቡሌ አይወጡም። የጭጋግ ውሃ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ቡሌ ላይም በእርግጥ ሊኖር ይችላል፤ ልኩ ቢሳሳት ምን ይሆናል? ስሜ ይታተማል። እናቴ ሰው ፊት አታፍርም። እሳቸውም ደስ እንዳላቸው አገራቸው ይገባሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ዲላ ስንደርስ እኔ ጥፋተኛ መሆኔ ቀርቶ ለዶክተር ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ እንደዚያው ዋልኩ። ያሰጋኝ አንድ ነገር ነው፤ ከሌላ አገር አንድ ሰው ቡሌ መጥቶ ደግሞ ሲለካ ዜሮ ቢያገኝ፣ ያ ሁሉ ዘጠኝ ክረምት፣ ያ ሁሉ ላቦራቶሪ ይረሳና እኚህ ሴት በጣሳ ውሃ የተታለሉ አሮጊት ሆነው ይቀራሉ። እወዳቸው ነበር፤ ያኔ ነው የገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ቤታቸው ሄድኩ። ደስ ብሏቸው በሩን ከፈቱ። ሻይ ተጥዷል፤ ኮምፒውተሩ ተከፍቷል። «በሰዓቱ መጣሽ፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስሚልኝ» ብለው ማንበብ ጀመሩ። አላስጨረስኳቸውም። ቆሜ፣ ዓይኔን ሻዩ ላይ ተክዬ፣ ከዓርቡ አይሱዙ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም አይነካውም ያልኩት ሳላጣራ መሆኑንም ነገርኳቸው። ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም አልነካነውም።

ፊታቸው ሲያረጅ አየሁ። ጠዋት ስልሳ ስምንት የነበረው ሰው እዚያው ወንበር ላይ ሰማንያ ሞላ። ኮምፒውተሩን ቀስ ብለው ከደኑት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ስጠጋ እየሳቁ ነው። እየሳቁ እንባቸው ወረደ፤ የቱ የሳቅ የቱ የሐዘን እንደሆነ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

«አርባ ዓመት!» አሉ። «አርባ ዓመት መለኪያዬን ከወፍ ጠብቄዋለሁ። ከፍየል፣ ከዝንጀሮ፣ ከሌባ ጠብቄዋለሁ። ደግ ሰው ይመጣበታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።»

እዚህ ላይ ሳልረሳው የኋላውን ልናገር። ጽሑፉ አልተላከም፤ ዶክተር አገራቸው ሲመለሱም ስብሰባው ላይ አልቆሙም። የእኔም መመረቂያ በዲላና በወርቃ ብቻ ቆመ። ፈታኞቹ «ቡሌስ?» ሲሉኝ ያለውን ነገርኳቸው፤ አንደኛው የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ያልኩ ያህል ከንፈሩን አጣመመብኝ። ያገኘሁት ውጤት ለማለፍ ያህል ብቻ ነበር፤ ዶክተር አንዲት ነጥብ አልጨመሩልኝም፣ እኔም አልለመንኳቸው። እናቴ ጉዳዩን ለሰፈሩ ለማስረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ዛሬ እዚሁ ዲላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ስሜ የትም መጽሔት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

የዚያ እሑድ ነገር ግን በሳቁ አላለቀም። ዶክተር እንባቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ከጠረጉ በኋላ ምድጃው ላይ የፈሰሰውን ወተት ወለወሉ። እኔም ከሸክሜ ስለቀለልኩ ተቀምጬ መተንፈስ ጀምሬ ነበር። እንዲያውም ራበኝ።

«ውሃውን የሚያመጡት ከየት ነው?» አሉኝ።

«ምንጭ አለ። የቅርቡ በበጋ ስለሚደርቅ ከታች ከሸለቆው ይቀዳሉ።»

«ሩቅ ነው?»

«ለመውረድ ግማሽ ሰዓት። ለመውጣት ከዚያ ይበልጣል።»

«በአህያ?»

«አህያ የላቸውም። በጀርባቸው ነው።»

ጥያቄያቸው የሥራ ጥያቄ ይመስል ነበር፤ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚጠይቁኝ።

«አንቺ ከለካሽ በኋላ ውሃውን ምን ታደርጊው ነበር?»

ቶሎ አልገባኝም። ሲገባኝ ተነስቼ ልወጣ ፈለግሁ።

«እደፋዋለሁ» አልኩ።

«የት?»

«እዚያው ግቢያቸው ውስጥ።»

«እያዩሽ?»

«እያዩኝ» አልኩ። «ሰባቱንም ቅዳሜ።»